አባባ ሜዳውን በሚኒባስ የዞሩ ዕለት

ባለፈው ጥር አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ንፋስ መውጫ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ስለ ክብ እንቅስቃሴ እያስረዳሁ ሳለ ከውጭ ክላክስ ተንጫጫ። ከአጥሩ ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ በሪባን ያጌጡ የሰርግ መኪኖች አቧራውን እያቦነኑ መዞር ጀምረው ነበር። ተማሪዎቼ ወደ መስኮቱ ጎረፉ። ልቆጣቸው አሰብኩና ተውኩት። ትምህርቱ ራሱ በመስኮት ሲመጣ መመለስ ነውር ነው። ግማሽ ውኃ የያዘ ጠርሙስ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ በክብ አዞርኩላቸው። ውኃው አንዱን ጎን ትቶ ወደ ውጭው ግድግዳ ወጣ።

«ሞተር ውስጥ ያለው ዘይትም እንዲሁ ይሸሻል» አልኩና በሰሌዳው ላይ የዘይቱን መያዣ፣ ከሥሩ ዘይት የምትመጥጠውን ቧንቧ፣ ወደ አንድ ወገን ያጋደለውን ዘይት ሣልኩ።

ፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ፣ «ቲቸር፣ መኪና ይነዳሉ እንዴ?» አለችኝ።

እንደማልነዳ ነገርኳት።

«ታዲያ ይህን ከየት አመጡት?»

መልሱን ሳልጀምረው ተደወለ። ልጆቹ ወጡ፤ እኔ ግን ጠመኔውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ይህን ያወቅሁት ከወንድሜ መኪና ነው፤ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ሙላት ለዓመታት በሰው መኪና ተቀጥሮ ሲነዳ ኖሮ አንዲት አሮጌ ሚኒባስ የራሱ ለማድረግ ዕድል አገኘ። ቤታችን ያለውን ሁሉ አወጣጣ፤ ከወጣውም አንዱ ቦራ ነበር። ቦራ የአባቴ ፈረስ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ነበረው። አባቴ አያ ታከለ በቦራ ላይ ሲወጡ ያላየ የጋይንት ሰው የለም ይባል ነበር። በጥምቀትና በሰርግ ቀን ሙሽራ ከመሸኘቷ በፊት ፈረሰኞች ሜዳውን ይዞሩላታል፤ ፊት የሚቀድሙት ሁልጊዜ እሳቸው ነበሩ። ቦራ ሲሸጥ ልጓሙን ለገዢው አቀበሉና ቤት ገቡ። ኮርቻውን ግን አልሰጡም፤ እስከ ዛሬም ግድግዳው ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ሚኒባሷ ውስጥ አልገባም አሉ። ገበያ የሚወጡት በእግራቸው ነው። ሙላት መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ቀስ ብሎ አጠገባቸው ያቆምና «አባባ፣ ይግቡ» ይላቸዋል። እሳቸውም ሳይቆሙ፣ «እግሬን ገና አልሸጥኩትም» ይሉታል። ተሳፋሪው ይስቃል። ሙላትም አብሮ ይስቅ ነበር፤ ግን ከመስታወቱ ውስጥ እየራቁ እስኪጠፉ ያያቸው ነበር።

በማግሥቱ ዓመት ጥር እኅታችን የሺ ለወገዳ ሰው ተዳረች። ሙላት ከንጋት ጀምሮ ውኃ፣ አግዳሚና እንግዳ ሲያመላልስ ዋለ፤ ሞተሯ ቀኑን ሙሉ አልበረደችም። አሮጌ ስለነበረች ዘይት ትበላለች። በየማለዳው መለኪያውን መዝዞ በጨርቅ እየጠረገ ያያት ነበር። በዚያን ቀን ግን መክደኛውን ሳይከፍት ዳሱ ጎበጠ ብለው ጠሩት።

ሙሽሮቹ በኪራይ መኪና ገቡ፤ ሚኒባሷ አጃቢ ሆነች። ከመንገዱ በፊት ሜዳውን መዞር ነበረባቸው፤ ፈረሱ ቢቀርም ወጉ አልቀረም። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳር ቆመው ነበር። አንድ የድሮ ፈረሰኛ ጓደኛቸው ትከሻቸውን ገፋ አደረጉና፣ «ታከለ፣ የዛሬው ፈረስህ ገብስ አይጠይቅህ፤ ምን ትፈራለህ? ውጣበት እንጂ» አሏቸው። ሰው አሽካካ። አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ጋቢና ገቡ። እኔ ከኋላ፣ ለመንገድ በተጫነው ድፎ ዳቦ መካከል ነበርኩ። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ኮባው፣ ትኩሱ ዳቦ፣ ከሥሩም የጋለ ብረት።

አባቴ መጀመሪያ መያዣውን ጨብጠው ነበር። ቀጥሎ ለቀቁት። ሙላት ነዳጁን ሲረግጠው፣ ሜዳው ሲሽከረከር፣ ከአቧራው ውስጥ እልልታው ሲመጣ፣ አባቴ ወደፊት አጎንብሰው ጉልበታቸውን ማጥበቅ ጀመሩ። ኮርቻ ላይ እንዳሉ ሁሉ። «አይዞህ ቦራ» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አላወቅሁም። ከዚያ ሳቁ። ፈረሱ ከወጣ ጀምሮ ቤታችን ያልሰማው ሳቅ ነበር።

«ሙላት፣ አንዴ ድገመኝ» አሉት።

ደገማቸው። የኪራዩ መኪና ጨርሶ ቆሞ ሲጠብቅ እኛ ሁልጊዜ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ እንዞራለን። ያኔ ነው ያየሁት። መሪው ፊት ቀይ መብራት ቦግ ትላለች፤ መኪናዋ ስትቃና ትጠፋለች፤ ስትታጠፍ ደግሞ ትበራለች። በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል አንገቴን አስግጌ፣ «ጋሼ፣ መብራት በራ» አልኩት በጆሮው።

አልዞረም። «አይቼዋለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ። «አባባ እየሳቁ ነው፤ ተወኝ።»

ዛሬ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንድ ምክንያት ብቻ እንዳልነበረም አውቃለሁ። ዘይቱ አስቀድሞ አንሶ ነበር። የቀረውም ቀኑን ሙሉ ግሎ እንደ ውኃ ቀጥኖ ነበር። እሱም በዙረቱ ወደ አንድ ወገን ሲሸሽ ቧንቧዋ ከዘይት ይልቅ አየር መጠጠች። በሚሽከረከረው የሞተር ዘንግና መካኒኮች ብሮንዚና በሚሉት ስስ ብረት መካከል ያለችው የዘይት ሽፋን ከፀጉር ትቀጥናለች፤ ግን ሞተሩን የምታኖረው እሷ ናት። እሷ ስትጠፋ ብረት ብረትን ይበላል። ፈረስ ሲደክም ያለከልካል፣ ያነክሳል። ሞተር ያለው አንዲት መብራት ናት።

ወደ ወገዳ በሚወስደው ኮረኮንች ላይ ብዙም ሳንርቅ ከሥራችን መዶሻ የሚመስል ድምፅ መጣ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ዳገቱን ስንጀምር ባሰባት፤ ከዚያ እንደ መጮህ አለችና ሞተሯ ደርቆ ቆመች። ሙሽሮቹ ቀድመው ሄደዋል። አጃቢው ወረደና በታጨደው የገብስ ማሳ ዳር፣ ነፋሱ ነጠላውን እየገለበ፣ ድፎውን ቆርሶ በላ። አባቴ ሙላት አጠገብ ሄደው ቆሙ።

«ምን ነካት?» አሉት።

ሙላት ጥቂት ቆየ። ዘይት በነካው እጁ ግንባሩን ጠረገና፣ «ዓይን ነው፣ አባባ» አላቸው። «ሰው ሁሉ ሲያያት ዋለ።»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ስትገባ እኔም ነበርኩ። መካኒኩ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉትን ብሮንዚናዎች መዳፉ ላይ አስቀመጣቸው። ጠቁረዋል፣ ተላልጠዋል፤ አንዱ እንደ ቅጠል ሳስቷል። ዘንጉም ታርሷል። «የዘይት መብራት አላየህም?» ብሎ ጠየቀው። ሙላት «አላየሁም» አለ። ለነጂ ከዚህ የከፋ መልስ የለም። ወሬው ከተማውን ለመዞር አልቸገረውም፤ ሙላት መብራት የማያይ ሾፌር ነው ተባለ። ሚኒባሷን ለመጠገን አቅም አልነበረንም። መኪና ያላቸው ሰዎችም ሰላምታ ሰጥተው ያልፉት ነበር እንጂ ቁልፍ የሚሰጠው ጠፋ። አንድ ቃል ቢናገር ሰው ይረዳው ነበር። ያን ቃል አልተናገረም። እኔንም እንዳልናገር በዓይኑ ያዘኝ።

ክረምቱ ሳይገባ ትራክተር ሊነዳ ወደ መተማ ወረደ። በተከታዩ መስከረም፣ አደይ አበባው ሜዳውን በሸፈነበት ሰሞን፣ በወባ መሞቱን ሰማን። የቀበሩት እዚያው ነው። አባቴ ለቅሶው ላይ ኮርቻውን ከግድግዳው አወረዱት፣ በእጃቸው ዳበሱት፣ መልሰው ሰቀሉት።

ያን ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። በራፉ ላይ፣ የመጨረሻዋ ፀሐይ ጉልበታቸው ላይ አርፋ፣ ቁጭ ብለው ነበር።

«መኪኖቹ ሜዳውን ዞሩ?» አሉኝ።

«ዞሩ፣ አባባ።»

«ቶሎ ተዉት። እኛ እንደዚያ አልነበርንም።» ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን አልቆየም። «አንተ መምህር ነህ። እስቲ ንገረኝ፤ ዓይን ሞተር ይሰብራል?»

ይህን ጥያቄ ተማሪ ቢጠይቀኝ ለመልሱ ክፍለ ጊዜው አይበቃኝም ነበር። ጠርሙሱን አነሣለሁ፣ ሰሌዳው ላይ እሥላለሁ፣ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ እደረድራለሁ። አባቴ ፊት ግን የጫማዬን አቧራ ማራገፍ ያዝኩ። ምክንያቶቹን ብደረድር መጨረሻቸው የእሳቸው ሳቅ ላይ እንደሚደርስ አውቃለሁ።

«ይሰብራል፣ አባባ» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ሜዳው መለሱ።

«ሙላትም እንዲሁ ነው ያለኝ» አሉ። «እሱም እንዳንተ ትንሽ ቆይቶ ነው የመለሰልኝ።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ሞተር አላነሡም። በማግሥቱ ክፍል ስገባ ሥዕሌን ያጠፋው አልነበረም፤ ዘይቱ እንዳጋደለ ነው። ልጅቷ ጥያቄዋን አልረሳችም፤ ታላቅ ወንድም እንደነበረኝ፣ ጥሩ ነጂም እንደነበረ ነገርኳት። ያን ቀን መብራቱን አይቶት እንደነበረም። ይህን ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።