የቃጫው ሁለት ጫፍ

ቡታጅራ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሰፈራችን፣ የተጣላ ልጅ ወደ ጋሽ ፊልጶስ ግቢ ይላካል። ላኪዋም እኔ ነኝ። ሱቄ ከደጃቸው ፊት ለፊት ስለሆነ ጩኸቱ መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ጆሮ ላይ ነው። «ሐረገወይን ቁጡ ናት» ይሉኛል። ይበሉኝ!

ጋሽ ፊልጶስ አናጺ ናቸው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግን መጋዛቸውን ያስቀምጡና የእንሰት ቃጫ ይነክራሉ። የመስቀል ሰንጋ የሰፈር ልጆች በገመዱት ገመድ ካልታሰረ በዓል በዓል አይሸታቸውም።

«የናይሎን ገመድ እኔ ሱቅ ሞልቶ የለም እንዴ?» እላቸዋለሁ።

«ናይሎን ማንን ያስታርቃል?» ይሉኛል።

የተጣሉት ሁለት ልጆች ረጅሙን ቃጫ ጫፍና ጫፍ ይዘው፣ ፊት ለፊት ቆመው ያከራሉ። አንዱ ከለቀቀ የሌላውም ድካም ከንቱ ነው፤ ሁሉም ይፈታል። በደንብ ሲከር ጋሽ ፊልጶስ መሃሉን ይይዙና «በሉ፣ አሁን ተራመዱ» ይላሉ። ልጆቹ ጫፋቸውን ሳይለቁ እጃቸው እስኪነካካ ይቀራረባሉ፤ ያኔ ቃጫው እርስ በርሱ ተጠማዝዞ ገመድ ይሆናል። ይቅርታ ተጠያየቁ የሚል ነገር የለም። እኔ ብሆን ሁለቱንም በኩርኩም ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ ደስታ በሕይወት ሳለች ልጅ ባልተጣላ ቀን ሌላውን ጫፍ የምትይዝላቸው እሷ ነበረች። እየገመዱ ሲተራረቡ ሱቄ ድረስ ይሰማ ነበር። ዛሬም ያ ሳቅ ይናፍቀኛል።

ስትታመም ሴት ልጇን ሔራንን «ወንድምሽ ሥራውን ጥሎ እንዳይመጣ፤ እንዳትነግሪው» ብላ አስማለቻት። ሱራፌል ከአዲስ አበባ የደረሰው ለቀብር ነው። በለቅሶተኛው ፊት «እናቴን ሰረቅሽኝ» አላት። ከዚያ ወዲህ እሱ ለመስቀል ይመጣል፤ እሷ እሱ ከሄደ በኋላ ብቅ ትላለች። የምትኖረው ደግሞ ወልቂጤ ነው። ወልቂጤ! ቁርስ በልቶ የተነሳ ሰው ምሳውን የሚበላበት አገር። አባትየው መስከረም ከጠባ ጀምሮ ባጃጅ በቆመ ቁጥር አንገታቸውን በበሩ ያወጣሉ፤ ከዚያ ምንም እንዳልፈለገ ሰው ይመለሳሉ።

ዘንድሮ የእኔዋ ረድኤትና የጎረቤቴ የዑመይር ልጅ ሳቢሪን በፀጉር ማስያዣ ተቧጨሩና ላክኋቸው። ላያቸው ስሄድ ታርቀው ይንጫጫሉ። ሳቢሪን ድንገት ቀና አለችና፣

«አባባ፣ የእርስዎ ልጆች ለምን አይገምዱም?» አለቻቸው።

ጋሽ ፊልጶስ ሌላ ቃጫ አነሱ፣ አንዱን ጫፍ ከበሩ መቃን ጋር አሰሩና ብቻቸውን ማክረር ጀመሩ። በሞትኩት! ስልኬን አውጥቼ ሔራን ጋ ደወልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ጫፍ የሚይዝላቸው አጥተው ቃጫውን ከበር ጋር አስረዋል። ሰምተሻል? ከበር ጋር!»

መልሷን ሳልጠብቅ ዘጋሁባት።

በእርዱ ዋዜማ ሱራፌል ሰንጋውን እየነዳ ገባ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ባጃጅ ቆመችና ሔራን ወረደች። ወንድሟን ስታይ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። እሱም ፊቱን ወደ ሰንጋው አዞረ። ጋሽ ፊልጶስ ቃጫውን ከመቃኑ ፈቱና አንዱን ጫፍ ለሱ፣ አንዱን ለሷ ሰጡ።

ማክረር ያዙ። መሬት መሬት እያዩ ያከራሉ፣ ያከራሉ። ቃጫው ከርሮ ሊበጠስ ደረሰ፤ አንዳቸውም ግን ንቅንቅ አይሉም። መሃሉን የያዙት አባት «ተራመዱ» ማለት አቃታቸው።

«ኧረ አሁን እኮ ተራመዱ ነው!» ብላ ሳቢሪን ከአጥሩ ጮኸች።

መጀመሪያ ሔራን አንድ እርምጃ ወሰደች። ከዚያ እሱ። ሲቀራረቡ ቃጫው መጠማዘዝ ጀመረ። እጃቸው ሊነካካ ትንሽ ሲቀረው ሱራፌል ቆመ።

«እማዬ ጠይቃኝ ነበር?» አለ። ድምፁ የሕፃን ልጅ ድምፅ ሆነ።

«በር በተንኳኳ ቁጥር ‹ሱሬ ነው?› ትል ነበር» አለች ሔራን። «እንዳትነግሪው ብላ አስምላኝ፣ ራሷ ትጠብቅህ ነበር።»

ሱራፌል ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች። እኔማ ተዉኝ። ጋሽ ፊልጶስ እንባቸውን መጥረግ አቅቷቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ መሃሉን ይዘው ነበራ። ሁለቱም ልጆች ግን ጫፉን አልለቀቁትም።