ማን ባረከው?

ባለፈው ሳምንት አሰላ አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ገና ሳላዝዝ፣ አጠገቤ የነበሩ ጎረምሶች አስተናጋጇን ጠጋ ብለው «የዱር ሥጋ የለም?» አሏት። ሳቀች። «ክልክል ነው፤ ደግሞስ ማን ይበላዋል?» አለቻቸው።

በደርግ ጊዜ፣ በሃያ ዓመቴ፣ እዚሁ ከተማ በአክስቴ በእትዬ ብርቄ ምግብ ቤት አስተናግድ ነበር። ያኔም ክልክል ነበር፤ በዪዎቹ ግን ከልካዮቹ ራሳቸው ነበሩ። ከአዲስ አበባ እንግዳ በመጣ ቁጥር የቀበሌው ሊቀ መንበር «የጭላሎውን አዘጋጂ» ይላታል፤ የድኩላ ጥብስ ማለቱ ነው። እምቢ ብትል ቤቷ ይታሸጋል፤ እሺ ብላ ነገር ቢበላሽ ደግሞ የምትታሰረው እሷ ናት። ጭንቀቷ ለእኔም ተርፎ ነበር።

አንድ ቀን፣ ገብሱ ማሸት ሲጀምር፣ አዳኙ ጋሽ በዳዳ አንዲት ድኩላ በማዳበሪያ ጠቅልለው አመጡ። ጡቷ ወተት አግቷል።

«ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ድሮ ከደጄ ሳልርቅ ነበር የማገኘው» አሉኝ። «ይቺን ሁለት ቀን ዞርኩላት። በስመ አብ ብዬ ስባርካት ግልገሏ ቆሞ ያየኛል።»

«ታዲያ ለምን መቷት?»

«አንቺስ ለምን ትጠብሻታለሽ?»

ጠበስኳት።

ጥብሱ ቀርቦ ሊጎርሱ ሲሉ፣ ከእንግዶቹ አንዱ ሸበቶ ሰውዬ ዝቅ ባለ ድምፅ «ማን ባረከው?» አሉኝ። ክርስቲያን በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ አይበላም። መውጫ የታየኝ መሰለኝ።

«ቢላ ሳይነካት ነው የሞተችው» አልኩ።

እጅ ሁሉ ትሪው ላይ ቆመ። ሃይማኖት የለንም ሲሉ የኖሩ ጓዶች ናቸው፤ መብላትም፣ ለምን እንደማይበሉ መናገርም አልቻሉም። ሊቀ መንበሩ «ዛሬ ሆዴን አሞኛል» አለ። ወዲያው የሁሉም ሆድ ታመመ።

ከዚያ ወዲያ ድኩላ ያዘዘን የለም። በግም ያዘዘን የለም። «እዚያ ቤት የሞተ ያበላሉ» ተባለ። ጋሽ በዳዳ ባርኬያታለሁ ብለው ቢምሉም የሚያምናቸው አጡ። አክስቴ ሥጋ ትታ ሽሮ ብቻ መሸጥ ያዘች። ሳላውቅ ሙት ሥጋ ለሰው አቀረብኩ ብላ ንስሐ ገባች፤ የነፍስ አባቷ ያዘዟትን ስግደት በዚያ በታመመ ጉልበቷ ስትሰግድ እኔ ከኋላዋ ቆሜ አይ ነበር። አፌን ብከፍት የድኩላው ጥብስ ተመልሶ ይመጣል ብዬ ዝም አልኩ። እውነቱን ሳልነግራት ሞተች።

«እማማ፣ ምን ላምጣልዎ?» አለችኝ አስተናጋጇ።

«ሽሮ» አልኳት። አሰላ ውስጥ ሌላ ነገር አዝዤ አላውቅም።