የቀረችኝ አንዲት ዓይን ሞጣ ደርሳ ስትመለስ

መጀመሪያ የታመመው የባለቤቴ ጥርስ ነው። ምስር ወጥ አቅርቤለት ገና ሁለተኛውን ጉርሻ ሳይውጥ ድንጋይ ነክሶ መንጋጋውን ይዞ ቀረ። ምስሩን በጠራራ ፀሐይ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የለቀምኩት እኔ ነኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ድንጋይ አገኘ። «ለመሆኑ አንቺ የምትለቅሚው ምስሩን ነው ወይስ ድንጋዩን?» አለኝ። እኔ ግን ምስሩን የሸጠችልኝን ሴት አማሁ። ቤቱ ሲጨልምብኝ አምፖል አስቀየርኩ። መነጽሬን በነጠላዬ ጫፍ እየወለወልኩ ልጨርሰው ምንም አልቀረኝ። ሁሉን ጠረጠርኩ፤ ዓይኔን ብቻ አልጠረጠርኩም።

አልደፈርኩም ቢባል ይሻላል። ግራ ዓይኔን ገና ልጅ ሳለሁ እሾህ ወግቶኝ አጥቼዋለሁ፤ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር ሌላ አያውቅም። ቢቸና ውስጥ አስተማሪ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የዚያን ሁሉ ልጅ ደብተር ያረምኩት በቀኟ ብቻ ነው። ሁለት ዓይን ላለው ሰው አንዱ ቢደክም ችግር ነው፤ ለእኔ ግን ሁሉም ነገር አለቀ ማለት ነበር። ስለዚህ ዝም አልኩ።

እያደር ባሰብኝ። ጉም የማይነሳበት ጠዋት ሆነብኝ። ነጭ ነገር ሁሉ ጢስ የበላው መሰለኝ። ሲመሽ የመኪና መብራት እየተበታተነ ዓይኔን ይሞላዋል። ሰውን የምለየው በድምፁ ሆነ፤ ሳይናገር የሚያልፈኝን ሰላም ሳልለው እየቀረሁ «ቲቸር ኮራች» ተባልኩ። ጎረቤቶቼ ብሌኔ ላይ ነጭ ነገር አይተው «ሞራ ነው፤ ግን ገና ነው፣ ይብሰል» አሉኝ። በእኛ ዘንድ ሞራ ሳይበስል ከተነካ ዓይኑ ይበላሻል ይባላል። ለፈሪ ሰው ከዚህ የሚጥም ምክር የለም። እኔም እንዲበስል ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።

የጠበቅሁት ባጃጅ ሊገጨኝ እስኪደርስ ነው። ሾፌሩ ያስተማርኩት ልጅ ነበር። ወርዶ ክንዴን ይዞ «ቲቸር፣ እኔ ክላክስ ስነፋ እርስዎ ወደ እኔ መጡ እኮ» አለኝ። ቤቴ አድርሶኝ ለባለቤቴ ሁሉን ነገረው። ባለቤቴ «ነገ ሞጣ ነን» አለ።

ሞጣ የመረመረችኝ የዓይን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። አገጬን መሣሪያው ላይ አስደግፋ ብርሃን አበራችብኝ። ግራ ዓይኔን አይታ ጠባሳው ኮርኒያ በሚባለው የዓይን የፊት ሽፋን ላይ እንደሆነ፣ እዚያ ሊደረግለት የሚችል ነገር እንደሌለ ነገረችኝ። ቀኟን ስታይ ግን ቆየች።

«ማን ነው ይብሰል ያለዎት?»

«ሰው ሁሉ።»

«ሰው ሁሉ ተሳስቷል። ሲቆይ ይጠነክራል፤ ሲጠነክር ለማውጣት ያስቸግራል። አንዳንዴ የዓይን ግፊትም ያስከትላል።»

ሞራ፣ ሐኪሞች ካታራክት የሚሉት፣ ከላይ የሚገፈፍ ሽፋን አለመሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከብሌናችን በስተኋላ የተፈጥሮ ሌንስ አለ፤ የሚደፈርሰው እሱ ነው። በትንሽ ቀዳዳ እሱን አውጥተው በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባሉ፤ ያ ሌንስ ዕድሜ ልክ እዚያው ይኖራል። ሁሉን ሰምቼ ስጨርስ «እኔ ያለኝ አንድ ዓይን ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ። ስለዚህ አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽዎትም። ኢንፌክሽን ሊገባ ይችላል፤ ደም ሊፈስ ይችላል። የሚደርሰው በጥቂት ሰው ላይ ነው፤ ግን ይደርሳል። ካልተሠራ ደግሞ መጋረዱ አይቀርም።»

ስላልዋሸችኝ አመንኳት። ቀኑን የመረጠው ባለቤቴ ነው። ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ይሁን አለ። ሐኪሟ ምክንያቱን ስትጠይቀው «ቢቸና ሰው ሊጠይቃት ሲመጣ ጉንጯን እየሳመ ዓይኗን በአፍንጫው ይወጋብኛል። በሰሙነ ሕማማት ግን መሳሳም የለም» አላት። ሐኪሟ እስክርቢቶዋን አስቀምጣ ሳቀች። ይህን ምክንያት ከዚያ በፊት ከማንም አልሰማችም።

ስኳሬንና የደም ግፊቴን ለኩ። ባዮሜትሪ በሚሉት ምርመራ የዓይኔን ርዝመት ለኩ፤ የሚገባው ሌንስ ቁጥር የሚታወቀው በዚህ ነው። በቀጠሮዬ ቀን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ደጋግመው ጨመሩልኝ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አጋደሙኝ። ፊቴን በጨርቅ ሸፈኑት። ዓይኔ ብቻ ቀረች። የማደንዘዣ መርፌ ከዓይኔ ሥር ወጉኝ። አመመኝ፤ ግን ቶሎ አለፈ።

አያስተኙም። ትሰማላችሁ። ውኃ ሲፈስ ይሰማል፤ መነካቱ ይሰማል፤ ሕመም የለም። ቢላዋ አይታይም። የሚታየው ብርሃን ነው፤ ሰማያዊ ይሆናል፣ ደግሞ ሮዝ ይሆናል። እኔ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ። «እናቴ፣ በልብዎ ያድርጉት፤ አገጭዎ ሲንቀሳቀስ ዓይንዎም ይንቀሳቀሳል» አለችኝ ሐኪሟ። በልቤ አደረግሁት። ገና ሳልጨርሰው እሷ ጨረሰች።

ከዚያ ዓይኔን በፋሻ ሸፈኑት። ስለዚህ ነገር ቀድሞ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አላሰብኩትም። ሌላው ሰው አንዱ ሲሸፈን በሌላው ያያል። እኔ ጨለመብኝ። ፈጽሞ ጨለመብኝ። በዚህ ብቀርስ አልኩ። ማልቀስ አማረኝ፤ ማልቀስም የሚፈቀድ አልመሰለኝም። ባለቤቴ እጄን ይዞ ለአዳር ወደ ያዝነው አልጋ ቤት ወሰደኝ። መንገዱን ሁሉ እንደ ኳስ ጨዋታ አስተላላፊ ያወራ ነበር። «አሁን አንድ አህያ በቀኝ በኩል አለፈች። አሁን ድንጋይ አለ፣ እግርሽን አንሺ። አሁን አንድ ሰውዬ ቆሞ ያየናል፤ ሚስት የያዘ ወንድ አይቶ የሚያውቅ አይመስልም።» ፈርቶ ነበር። ሲፈራ ወሬው እንደሚበዛ አውቃለሁ። እራቴን እያጎረሰኝ እስክተኛ ድረስ አወራ።

በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ተነሣ። በመጀመሪያ ብርሃኑ በዛብኝ፤ እንባዬ ወረደ። ቀጥሎ ግድግዳው ነጭ መሆኑን አየሁ። እኔ ቢጫ ነው ብዬ ነበር። ቀጥሎ ባለቤቴን አየሁት፤ የሸሚዙን ቁልፎች አዛንፎ ቆልፎ፣ አንዱ ኮሌታ ጆሮው ሥር ደርሷል። «እንዲህ ሆነህ ነው ከትናንት ጀምሮ ከተማውን ያዞርከኝ?» አልኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ደስ አለኝ። ደስታዬን ምን ብዬ እንደምገልጸው እስካሁን አላውቅም።

ሐኪሟ ትእዛዝ ሰጠችኝ። ዓይን ማሸት የለም። ውኃ ማስነካት የለም፤ ጠበልም ቢሆን። ከባድ ማንሳት የለም። ማጎንበስ የለም። ስተኛ ዓይኔ ላይ የማደርገው የፕላስቲክ መከለያና ሁለት ዓይነት ጠብታ፣ አንቲባዮቲክና እብጠት የሚያበርድ ስቴሮይድ፣ ሰጡኝ። ሁሉንም እሺ አልኩ። ቢቸና ተመልሼ መጥረጊያ አልነካሁም፤ ማሰሮ አላነሳሁም፤ ጫማዬን ያሰረልኝ ባለቤቴ ነው።

የሆሳዕና ዕለት ነጠላዬን ለብሼ ቀስ እያልኩ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ስደርስ ዕድሜዬን ሙሉ እንደማደርገው ተንበርክኬ ግንባሬን ድንጋዩ ላይ አሳርፌ ተሳለምኩ። ማጎንበስ ሲሉኝ ቤት መጥረግና ልብስ ማጠብ ነበር የመሰለኝ። ደጅ መሳለም ማጎንበስ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢቸና ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ስነሣ ዓይኔ ከበደኝ። የሆነ ነገር ጠቅ አደረገኝ። ቤት ስገባ ባለቤቴ አየኝና ወሬው ቆመ። መስታወት አመጣልኝ። የዓይኔ ነጩ ክፍል ቀልቷል። ደም ነው። እንባው አይቆምም። ደጁ ደብዝዞ ታየኝ። አንዲቷን ዓይኔን በገዛ እጄ አጠፋኋት አልኩ። ምግብ አልበላሁም። እሱም አልበላም። ሰኞ ገና ሲነጋ ሚኒባስ ተሳፈርን።

ሐኪሟ ቁስሉን አየች። ግፊቱን ለካች። ከዓይኔ በስተኋላ ያለውን ሬቲና አየች።

«ቁስሉ አልተከፈተም፤ ሌንሱም ቦታው ላይ ነው። ከላይ አንዲት ትንሽ የደም ሥር ፈስሳ ነው፤ በራሷ ትጠፋለች። ያደበዘዘብዎት እንባው ነው። ምን ሲያደርጉ ነበር?»

ነገርኳት። ራሷን ያዘች። «ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ስግደትን ለይቼ መናገር ነበረብኝ» አለች። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞራ «ደጁን ቆማም መሳለም ትችላለች። ስቅለት ግን ስግደት የለም፤ ጣትዋ መሬት እንዳይነካ» አለችው። ልክ እኔ እንደሌለሁ ለእሱ ነበር የምትነግረው፤ አልተቀየምኳትም።

ስቅለት ለእኔ ትልቅ ቀን ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ስሰግድ ውዬ በሠርክ ነበር ወደ ቤቴ የምመለሰው። ዘንድሮ ከምቀር ልቁም ብዬ ሄድኩና ከሴቶቹ ወገን ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። ሕዝቡ ሲወድቅ እኔ ቆሜ ቀረሁ። አፈርኩ። በኋላ ግን ማፈሬን ረሳሁት፤ ሰው ሁሉ ሲያጎነብስ ከፊቴ የሚከልለኝ ጠፍቶ ግቢው እስከ መጨረሻው ታየኝ። የስንቱ ነጠላ ጥለት ምን ቀለም እንደሆነ እስክለይ ድረስ ታየኝ። በዚያ የሐዘን ቀን በልቤ ተደሰትኩ፤ ይቅር ይበለኝ።

አመሻሹ ላይ እንደ ልማዱ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን ነካ ነካ እያደረጉ ለእያንዳንዱ ስንት ስግደት እንደሚሰግድ ይነግሩ ጀመር። የንስሐ አባቴ ጋ ቀረብኩ። በቅጠሉ ትከሻዬን ነክተው «አንቺ ሂጂ፣ ዕረፊ» አሉኝ።

«አባ፣ ለእኔ ምንም አይሰጡኝም? በኋላ ሲፈቀድልኝ እሰግደዋለሁ።»

«ያንቺን የወሰደ ሰው አለ። ጠዋት መጥቶ ለምኖኛል። እንዳትነግሯት ስላለኝ አልነገርኩሽም» ብለው ቀጣይዋን ጠሩ።

ዞሬ ወደ ወንዶቹ ወገን አየሁ። ባለቤቴ ጉልበቱን ያመዋል፤ በየዓመቱ ቀትር ላይ ዛፍ ሥር ገብቶ የሚቀመጥ ሰው ነው። አሁን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል፣ ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ፣ ለየሁት። ግራ እጁን መሬት አስደግፎ ይወርዳል፤ ሲነሣ ጭኑን ይዞ ነው። ብዙው ሰው ጨርሶ ሲሄድ እሱ ገና ይሰግዳል። ማታ ቤት ሲገባ እያነከሰ ነበር። ምን ሆንክ ስለው «ብርዱ ነው» አለኝ። እኔም ብርዱ ነው ብዬ ጉልበቱን በቫዝሊን አሸሁለት። ማጎንበስ ስለማልችል እግሩን አልጋው ላይ እንዲሰቅል አድርጌ ነው ያሸሁለት።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ስግደት ስለሌለ የቀረውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ራሷ አሳረፈችኝ። ደሙ እየደበዘዘ ሄዶ ጠፋ። ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ያለ የሚመስለው ስሜት ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ጠብታውን የሚጨምርልኝ ባለቤቴ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከዓይኔ ይልቅ ጉንጬን ሲያክም ሰነበተ፤ በኋላ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጎ፣ የጠርሙሱን ጫፍ ዓይኔን ሳያስነካ መጨመር ለመደ። ጠብታው ሲያልቅ ሐኪሟ ለንባብ የሚሆን መነጽር ለካችልኝ፤ ሩቁን ያለ መነጽር አያለሁ፣ መጽሐፍ ግን ያለ እሱ አይሆንልኝም።

ሞራ ለያዛችሁ ሁሉ የምለው አለኝ። እንዲበስል አትጠብቁ። ለሐኪሙ ስኳርና ደም ግፊታችሁን ብቻ ሳይሆን አኗኗራችሁን ንገሩት፤ ትሰግዱ እንደሆነ፣ ጢስ ባለበት ታበስሉ እንደሆነ፣ እንጨት ትሸከሙ እንደሆነ። ዓይናችሁ ሕመሙ ከጨመረ፣ ከቀላ፣ ማየቱ ከቀነሰ፣ ነገ ይሻለኛል ብላችሁ አትደሩ። እንደ እኔ አንድ ዓይን ብቻ የቀራችሁ ደግሞ፣ ፍርሃታችሁን አውቀዋለሁና አላቃልለውም፤ ብቻችሁን ግን አትሂዱ። ፋሻው ሲታሰር እጅ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋችኋል።

ሐኪሟን ሄጄ አመስግኛታለሁ። ባለቤቴን ግን እስካሁን አላመሰገንኩትም፤ ምስጋና ሲሰማ ወሬ ይለውጣል። ዓይኔ እስከ ወንዶቹ ወገን ድረስ ማየት የምትችል አልመሰለውም። ይህን ጽሑፍ ማንበቡ አይቀርም፤ ስለዚህ እዚህ ልንገረው። በእኔ ፈንታ ስትሰግድ አይቼሃለሁ።