የሃያ ሰከንድ ሌሊት

የእህቴ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ "ጋሼ፣ ሌሊቱን በሙሉ በሃያ ሰከንድ ላሳይዎት!" አለኝ። እንጦጦ ላይ ካለው የከዋክብት መመልከቻ ግቢ ካሜራውን ተክሎ እሱ መኪና ውስጥ ሲያንኮራፋ፣ ካሜራው ብቻውን በየደቂቃው ፎቶ ሲያነሳ አድሮ፣ ጠዋት ኮምፒውተር ገጣጥሞ ፊልም አደረገለት። ተኝተው የሚያዩት ኮከብ! እንዲህ ላለው ጉድ መነጽሬን አላወጣም ነበር፤ "ከታች የድሮ ሰፈራችሁም ይታያል" ሲለኝ ግን አወጣሁ። ሰፈራችን አምና ፈርሷል፤ ሄጄ ለማየት ወኔ አላገኘሁም። የቅያሳችን አፍ ላይ የነበረችው አምፖል እንኳ ተርፋ ይሆን እያልኩ ግን ስንት ቀን አስቤያለሁ።

እኛ ልጆች ሳለን ኮከብ የሚታየው ያቺ አምፖል ድርግም ስትል ነበር። ሰፈሩ ባንድ አፍ "ውይ!" ይላል፤ ሸማኔው አባቴ መወርወሪያውን ጥሎ እየተነጫነጨ ይወጣና እህቴንና እኔን ጋቢው ውስጥ ሸጉጦ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ ባለሱቁ ሐጂ ከድር ደግሞ ደስታቸውን መደበቅ እያቃታቸው "ሻማ አለ!" ይላሉ። እናቴ ኮከብ የቆጠረ ኪንታሮት ያበቅላል ትለን ነበር። ተደብቄ መቶ በቆጠርኩ ሰሞን አውራ ጣቴ ላይ አንድ በቀለና፣ ዓመት ሙሉ "አላልኩህም?" ስትለኝ ከረመች። አባቴ አንዷ ኮከብ ከተራራው ባሕር ዛፍ እስክትላቀቅ ሳይታክት ይጠብቃታል። የዚህ ልጅ ኮከቦች ግን አዲሱ ገበያ ላይ ታክሲ እንዳያመልጣቸው የሚሮጡ ነው የሚመስሉት። እሱ ይህን ጥበብ ይለዋል፤ እኔ ችኮላ እለዋለሁ።

ከሥር ከሥር አምፖሌን ፈለግኩ። ግራና ቀኙ መብራት ነው፤ መሃሉ ጥቁር።

"አቁመው እስቲ" አልኩት። በጣቱ አሰፋልኝ። ያው ጥቁር ነው።

"ይሄ የፈረሰው ነው። እንኳንም ፈረሰ ጋሼ! ያ ሁሉ መብራት ቢኖር ኮከቡ እንዲህ ጠርቶ ይወጣልኝ ነበር?"

መነጽሬን አጥፌ ወደ ኪሴ መለስኩ። ያቺ አምፖል ሥር ፊደል የቆጠረችው እናቱ ናት።

"እናትህስ አይታዋለች?" አልኩት።

"ትናንት አሳየኋት" አለኝ ፈገግ ብሎ። "ዓይኗን እየጠረገች ወጣች። በጣም ነው የወደደችው።"