የጫጩቶቹ ከሰል

ዛሬ ጠዋት ከተዘጋው ክፍል የከሰል ሽታ ሲመጣብኝ ወደ በሩ ሮጥኩ። ልጄ ትናንት የገዛናቸውን ጫጩቶች በካርቶን አድርጋ፣ ድመት እንዳይገባ በሩን ዘግታ፣ ምድጃ አጠገብ ታሞቃቸው ነበር።

እኔም በእሷ ዕድሜ፣ መጋላ ሰፈር ሳለን፣ እንዲሁ አድርጌያለሁ። ዶሮ ማርባት ያስጀመሩን በሶማልኛ «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ የምንላቸው ጎረቤታችን ፋጡማ ናቸው። የሰጡን እናት ዶሮ ጫጩቶቿን ጥላ ሞተችና፣ ብርድ እንዳይገድላቸው ብዬ ከሰል አያይዤ ቤቱን ዘጋሁት። ወዲያው ጭንቅላቴ ከበደኝ፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ኤዶ በሩን በርግደው፣ «ሶ በሕ! ውጪ!» እያሉ በክንዴ ጎተቱኝ።

«ጫጩቶቹስ?» ብዬ አለቀስኩ።

«አንቺ ሞኝ! ጫጩት ሌላ ይፈለፈላል። አንቺን ወላሂ የትኛዋ ዶሮ ትፈለፍልልኛለች?» አሉና ሻሻቸውን በውሃ ነክረው ፊቴን ጠረጉልኝ። የሻሻቸው ቅዝቃዜ እስካሁን ግንባሬ ላይ ያለ ይመስለኛል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማር፤ እሳቸው ባይኖሩ ይቺን ልጅም አልወልዳትም ነበር።

ዛሬ ደግሞ እኔ በተራዬ በሩን ገፍቼ ልጄን እየጎተትኩ ግቢ አወጣኋት።

«እማዬ፣ ምን ነካሽ? አሁን ገና ማያያዜ እኮ ነው!» ብላ ሳቀችብኝ።

ትሳቅ። ውጪ ነን፣ ንፋሱ ያገኘናል። ደህና ነን።