የእህቴ እንቅልፍ

ዛሬ ገበያ ውስጥ አረቄ ሲቀዳ ሸተተኝና፣ በንጉሡ ዘመን ጎንደር ላይ እህቴ ሕፃን ሳለች የሆነው ትዝ አለኝ። እናቴ ነርስ፣ አባቴ አስተማሪ ስለነበሩ ከአይከል ብርቄ የምትባል ሞግዚት ቀጠሩ። ስታለቅስ ትውል የነበረችው እህቴ፣ ብርቄ ከመጣች ወዲህ ሥራዋ እንቅልፍ ብቻ ሆነ።

አንድ ጠዋት የአባቴ አክስት ጎንበስ ብለው የተኛችውን ሕፃን አፍ አሸተቱ።

«ሕፃን እንዲህ አይተኛም። እስቲ አንቺም አፏን አሽትቺው» አሏት እናቴን።

ብርቄ ጨርቅ እያጠበች ነበር፤ ቀና አላለችም። እናቴ ነጠላዋን አጣፋች።

«ምነው እማማ፣ ሸጋ አርጋ ተኝታ የለም እንዴ! ሥራ ረፈደብኝ» አለችና ሳታጎነብስ ወጣች።

ብርቄም፣ እህቴ እግር እስክታወጣ ድረስ፣ እኛው ዘንድ ቆየች። አሁን እናቴ አርጅታለች፤ ብዙ ጊዜ አብረን እንቀመጣለን። ያን ጠዋት ግን እሷም አታነሳው፣ እኔም አልጠይቃት።