ከጥጥ እርሻው አፈር የወጣችው ቀለበት

አፌ ያስቸግረኛል እንጂ በጥንቃቄ የምታማ አልነበርኩም። ሰመራ በምሠራበት ቤተ ሙከራ ያለ ጓንት ዕቃ የነካ ሰው ከእኔ ምላስ አያመልጥም። ያን ቀን ያ ሁሉ ጥንቃቄ የት ገብቶ እንደነበር እንጃ።

አዋሽ ዳር ካለ ጥጥ እርሻ አፈር ልንወስድ ሄድን። ጨው ባነጣው መሬት ላይ ጥጡን የሚያግዝ ባክቴሪያ ነበር የምንፈልገው። የሚቆፍሩልን ከደጋ ለለቀማ የመጡ ጎልማሳ ነበሩ። ሁለተኛውን ጉድጓድ ሲጀምሩ ዶማው ስቶ ሸበጥ ባደረጉት እግራቸው ላይ አረፈ።

«እኔን፣ ጋሼ» ብዬ ውሃ አፈሰስኩበት። እሳቸው ይስቃሉ።

«ልጄ፣ ቴትራ የለሽም?»

አገሩ ሁሉ የሚያውቃት መድኃኒት ናት። ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ እንክብሏን ከፍቶ ዱቄቷን ቁስሉ ላይ ይነሰንሳል። ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። ራሴ ከፍቼ፣ ራሴ ነሰነስኩላቸው። የተረፈውንም ሰጠኋቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ ነገ ይደርቃል» ብለው ጉድጓዱን ጨረሱ።

ከዚያ አፈር አንድ ባክቴሪያ አወጣን። የዘረመሉን ካርታ ስንሠራ፣ ከዋናው ዘረመል ሌላ ሦስት ትንንሽ ቀለበቶች አገኘንበት። ፕላዝሚድ ይባላሉ፤ ባክቴሪያ ለጎረቤቱ ቀድቶ ሊያቀብላቸው ይችላል። ሁለቱ ጨው ለመቋቋም የሚያስችሉ ነበሩና ደስ አለን። ሦስተኛዋን ሳነብ ግን ፈራሁ። መድኃኒት የሚያከሽፉ ዘረመሎች ተደርድረውባታል፤ አንዱ ያችኑ የነሰነስኳትን ያከሽፋል።

ለጋሼ ስልክ ደወልኩ። ለቀማው አልቆ ወደ አገራቸው ሲሄዱ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም ወርደው፣ መራመድ አቅቷቸው እዚያው ቀርተዋል።

«ትንሽ አብጧል። ኢንሻአላህ ይሽራል፤ የሰጠሽኝ ቢያልቅ ሌላ ገዝቼ እየነሰነስኩ ነው» አሉኝ።

«ይተዉት፣ ጋሼ። በአላህ ይተዉት።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ከጂቡቲ ጭነት መኪኖች ኋላ እየተጎተትኩ በማግስቱ ከሰዓት ደረስኩ። ያሉበት ክፍል በር ላይ ስቆም ሽታው ነገረኝ። ሆስፒታል አስገባኋቸው፤ ሐኪሙን አስፈቅጄ ከቁስሉ ናሙና ይዤ ተመለስኩ። ቁስሉ ውስጥ ያገኘነው ባክቴሪያ ሌላ ነው፣ የአፈሩ አይደለም። ካርታውን ከአፈሩ ካርታ ጎን ዘረጋሁት። ዋናው ዘረመል አይገናኝም። ቀለበቷ ግን ያችው ናት፤ ከአፈሩ ባክቴሪያ ተቀብሏታል። የእኔ ዱቄት ቀለበቷ የሌለችውን ባክቴሪያ ሁሉ ጠርጎ ቦታውን ለቆላታል።

ካርታው ፊቴ ተዘርግቶ ሳለ ደወሉ።

«ልጄ፣ ሐኪሞቹ እግሩ ይቆረጥ ይላሉ። እኔ እምቢ ብያለሁ። መድኃኒቱን የምታውቅ ልጅ አለችኝ፣ እሷ ትንገረኝ ብያቸዋለሁ።»

ያ የሚያስቸግረኝ አፌ ተሳሰረ። እዚህ ያደረስዎ የእኔ ዱቄት ነው ልላቸው ነበር፤ አላልኩም።

«ይቆረጥ፣ ጋሼ» አልኳቸው።



«እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አሉኝ።